የዑሙልኸይር እርምጃ

ዑሙልኸይር ዛሬም ከፍራሹ ላይ አልተነሳችም። ጓሮ የተጣደው የሻይ ማንቆርቆሪያ ገንፍሎ ክዳኑን ያንቀጫቅጨዋል፤ እሷ ግን አንገቷን ወደ በሩ መለስ አድርጋ “ረዲያ፣ ሻዩ እየፈሰሰ ነው” አለች እንጂ ንቅንቅ አላለችም። ልጇ ወጥታ አወረደችው። ትንሽ ቆይታ ስኳሩን አቀብይኝ አለች፣ አቀበለቻት። ቀጥሎ መስኮቱ ላይ ያለውን መነጽሯን፣ ቀጥሎ ደግሞ የስልኳን ቻርጀር። ሰው ማዘዝ የማይሆንላት፣ ውሃ እንኳ ራሷ ቀድታ የምትጠጣ ሴት ናት። ረዲያ ግን ዛሬ ልቧ ቤት ውስጥ አልነበረም። ከባልደረቦቿ ጋር ሦስት ዓመት የለፉበት የካርቱን ፊልም ከዐስር ሰላት በኋላ በጭሮ ከተማ አዳራሽ ይታያል፤ እናቴ ተነሳች፣ እናቴ ተቀመጠች ብላ የምታስተውልበት ጊዜ አልነበራትም። ሻዩን ቆማ ጠጣች፣ ላፕቶፑን አነገተች፣ ወጣች።

የግቢውን በር ከከፈተች በኋላ ፍላሹን መርሳቷ ትዝ አላትና ተመለሰች። መጋረጃውን ገለጥ ስታደርግ እናቷ ከፍራሿ ተነስታ ቆማለች። አንድ እጇ ግድግዳውን ተደግፏል፣ በሌላው ባዶ ብርጭቆ ይዛለች። ልጇን ስታይ ዑሙልኸይር እዚያው ባለችበት፣ ምንጣፉ ያልደረሰበት ሲሚንቶ ላይ ቁጭ አለች። አቀማመጧ እንደ ደከመው ሰው አልነበረም፤ ሲሰርቅ እንደተያዘ ሰው ነበር።

“ምን ሆንሽ እማ?”

“ምንም። ሂጂ፣ ሰው ይጠብቅሻል።”

“አመመሽ እንዴ?”

“ምንም አልኩሽ እኮ። የረሳሽውን ያዢና ሂጂ።”

ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ በዚህ ቤት ያለው ዝምታ እህል ቢሆን ኖሮ ግን ጎተራ አይበቃውም ነበር። አባት ከሞቱ ወዲህ እናትና ልጅ ብቻቸውን ናቸው። ስለ ቲማቲም ዋጋ ያወራሉ፣ ስለ መብራት መጥፋት ያወራሉ፣ የጎረቤት ልጅ ማን እንዳገባት ያወራሉ። ከዚያ ያለፈውን ሁለቱም አይነኩትም። የዑሙልኸይር ቀኝ እግር ለምን እንደሚጎተት ረዲያ አንድ ቀን ጠይቃ አታውቅም፤ እናቷም ነግራት አታውቅም። ረዲያ ፍላሹን ይዛ ወጣች።

ባጃጁ ውስጥ ሁለት ወጣት ሴቶች ቀድመዋት ተቀምጠዋል። አንዷ ከገበያ የገዛችውን ፓፓያ ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ኪሎው ስንት እንደገባ ለሹፌሩ ታማርራለች። ሌላዋ ስልኳ ላይ አቀርቅራ ትስቃለች። ከስልኩ የጭፈራ ዘፈን ይሰማል።

“እያት እስቲ” አለች ባለስልኳ፣ ስልኩን ወደ ጓደኛዋ አዙራ። “አቦ፣ ይቺ እኮ አዴ ዑሙልኸይር ናቸው።”

“የትኛዋ?”

“ከመስጊዱ ጀርባ ያሉት ናቸዋ። ፊቱ እንኳ አይመስልም፣ እግሩን ነው ማየት። ቆም ይላሉ፣ ከዚያ ሳብ። ወላሂ ራሳቸው ናቸው።”

“ማን ነው እንዲህ የሠራቸው?”

“ልጃቸው ናት አሉ።”

ባለፓፓያዋ ፈገግታዋ ጠፋ። “በገዛ እናቷ?” አለች። ሹፌሩም በመስታወቱ ወደ ኋላ አየ። ረዲያ መውረጃዋ ሳይደርስ ሂሳቡን ከፍላ ወረደች።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ባለፈው ሳምንት ፊልሙን ለማስተዋወቅ ብለው ከመሀሉ ትንሽ ቆርጠው በስልክ ለቀው ነበር፤ ገበያተኛዋ አሮጊት ተራራውን ስትወጣ የምታሳየውን። አንድ ሥራ ፈት የጭፈራ ዘፈን ለጥፎበት ከተማውን አዳርሶታል። ረዲያ ብዙ ሰው እያየው ነው ሲሏት ደስ አላት እንጂ ምን እያለ ነው የሚያየው ብላ አልጠየቀችም። አሁን ስታስበው፣ እናቷ ረቡዕ ማታ ከጎረቤት ተመልሳ ራት አልፈልግም ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታ ነበር። ስልካቸውን ያሳዩዋት ያን ለት መሆን አለበት።

በእግሯ እየሄደች ሳለ ሌላ ነገር ገባት፣ ሲገባትም አስፋልቱ ዳር ቆመች። ዑሙልኸይር ሰርግ ላይ ከሰው ሁሉ ቀድማ ትደርሳለች፤ ለቅሶም ላይ እንደዚያው። ረዲያ የልጅነቷን ግማሽ ያሳለፈችው ባዶ ድንኳን ውስጥ፣ ገና ካልተዘረጋ ወንበር አጠገብ፣ ሰው እስኪመጣ በመጠበቅ ነው። መሄጃ ሲደርስም ሰው ሁሉ ተበትኖ ዕቃ አጣቢዎቹ ብቻ እስኪቀሩ አይነሱም ነበር። ሰፈሩ “ዑሙልኸይር ሰው አክባሪ ናት፣ ቀድማ መጥታ መጨረሻ ነው የምትሄደው” ይላል፤ ረዲያም እንደዚያ ይመስላት ነበር። ለካ ሴትዮዋ ስትገባም ስትወጣም ላለመታየት ኖሯል። ከዚህ ሁሉ ሕዝብ መሀል እግሯን ሳትደብቅ የምትራመደው በአንዲት ሰው ፊት ብቻ ነው። ያቺ ሰው ደግሞ ማለዳ ማለዳ፣ እናቷ ልብስ ስታሰጣ፣ በመስኮት በስልኳ እየቀረጸች፣ እያንዳንዷን መጎተትና ማረፍ አጥንታ ለከተማው አሳየችው። አልጠየቀቻትም። የሚጠየቅ ነገር መሆኑም አልታያትም ነበር፤ ለረዲያ ያ አካሄድ ጉድለት ሆኖ አያውቅም። በልጅነቷ ከመኝታዋ ሆና ቆም፣ ሳብ የሚለውን ድምፅ ስትሰማ ቤቱ ሰላም መሆኑን የምታውቅበት ነበር። እዚያው አስፋልቱ ዳር ቆማ በራሷ አፈረች።

የሚሠሩበት ክፍል አብዶ ከሚባል ሰው የፕላስቲክ ዕቃ ሱቅ በላይ ነው። ደረጃው ላይ ባልዲና ጀሪካን ስለሚደረደር የሚወጣ ሰው በጎኑ ነው የሚወጣው። ክፍሉ ጠባብ፣ ጣራው ዝቅ ያለ፣ በቀትር እንደ ዳቦ መጋገሪያ የሚግል ነው፤ ግድግዳው ግን ከታች እስከ ላይ በጭሮ ተራሮች ተሞልቷል። ተራራው በጠዋት፣ ተራራው በጭጋግ፣ ተራራው ተኮሳትሮ፣ ተራራው እየሳቀ። ሁሉም የሣህሊቱ እጅ ሥራ ነው። ሣህሊቱ የሥዕል መምህርት ናት፤ ከደብረ ብርሃን ተመድባ ስትመጣ ዓመት ሳይሞላኝ እቀየራለሁ ብላ ሻንጣዋን እንኳ በደንብ አልፈታችም ነበር። ከረዲያ ጋር ተገናኙና ቀረች። ታሪኩን የጻፈችውም ፊልሙን የምትመራውም ረዲያ ናት፣ ሥዕሉና ቀለሙ በሣህሊቱ ሥልጣን ሥር ነው፣ ድምፁን ፈርዶሳ የምትባል የሬዲዮ ሠራተኛ ታዘጋጃለች። መህዲ ኮምፒውተሩ ላይ ተቀምጦ እነሱ ያሉትን ያያይዛል። እንግዳ በመጣ ቁጥር መጀመሪያ እጁን የሚዘረጋው ለመህዲ ነው፤ መህዲም ይጨብጥና በአገጩ ወደ ሴቶቹ ያመለክታል። ለምዶታል።

ፊልሙ እንዲህ ነው። አንዲት ገበያተኛ ከመሰላ ተነስታ ወደ ጭሮ ገበያ ስትመጣ ተራራው መንገዱ ላይ ቁጭ ብሎ ቀረጥ ይጠይቃታል። አንድ ቀን ዘፈኗን ይወስዳል፣ ሌላ ቀን ጥላዋን፣ በመጨረሻ አንድ ጉልበቷን። እሷም እንደ ሽንኩርት ዋጋ ትከራከረዋለች። ሣህሊቱ ደግሞ የማትለቀው አንድ ደንብ አላት፦ ራስሽ ያልሄድሽውን አካሄድ አትስይም። ስለዚህ ጉልበቷ የተወሰደባት ገበያተኛ እንዴት እንደምትራመድ እስኪገባቸው፣ ሁሉም ኮሪደሩ ላይ ቆም፣ ሳብ እያሉ ሲመላለሱ ከርመዋል። አብዶ አንድ ቀን ከታች ወጥቶ ለረጅም ጊዜ ሲያያቸው ቆይቶ “ልጆች፣ ወለሉ ነው ወይስ እናንተ?” ብሎ ጠይቋል።

ረዲያ ገብታ የሆነውን ሳትደብቅ ነገረቻቸው። የባጃጁንም፣ የሲሚንቶውንም፣ የድንኳኑንም። ነግራ ስትጨርስ “አካሄዱን እናውጣው” አለች።

“ዛሬ?” አለ መህዲ። “የፊልሙ ነፍስ እኮ እሱ ነው። ሰው የሚመጣው እሱን ሊያይ ነው።”

“የሚስቅባትን ሊያይ ነው” አለች ፈርዶሳ።

ሣህሊቱ ብሩሿን በጨርቅ ጠረገች። ከዚያ ረዲያን “ጠይቀሻት ነበር?” አለቻት።

“አልጠየቅኋትም።”

“እኔም አልጠየቅሁሽም። የሰው እግር ይዘሽ ስትመጪ ከየት አገኘሽው ማለት ነበረብኝ። ደንብ አውጪዋ እኔ ነኝ፣ ግማሹ ጥፋት የኔ ነው።” ብሩሿን አስቀመጠች። “ባለቤቱ ያቀለለውን አሞሌ ባለዕዳ አይቀበለውም። በተሰረቀ ነገር የሚጨበጨብልን ከሆነ ሥራችንን ያቀለልነው እኛው ነን። መህዲ፣ ክፈተው።”

ከዚህ በኋላ ያለውን ያየ ሰው ባርኔጣውን ያነሳላቸዋል። እነዚህ ሴቶች በዓለም ላይ በጣም የሚወዱትን የገዛ እጃቸውን ሥራ፣ ሊመረቅ ሰዓታት ሲቀሩት፣ ማንም ሳያስገድዳቸው ፈቱት። ገበያተኛዋ ገና ጤነኛ ሳለች የምትሄድበትን እርምጃ ወስደው እስከ መጨረሻው ድረስ አስቀጠሉት። ረዲያ መገጣጠሚያ በመገጣጠሚያ ወራት የፈጀችበትን ራሷ እያመለከተች አስጠፋች። ሣህሊቱ በገበያተኛዋ ወገብ ላይ ያለውን ነጠላ እንደገና ሳለች፤ ቀጥ ብላ ለምትሄድ ሴት አወዳደቁ ሌላ ነውና። ፈርዶሳ አሸዋ በሞላበት ሳፋ ላይ በአሮጌ ጫማ የቀዳችውን ቆም፣ ሳብ አውጥታ እኩል ኮቴ አስገባች። መብራት ሁለት ጊዜ ጠፍቶ ሁለት ጊዜ መጣ፤ በጠፋም ጊዜ የተነሳ የለም። ቀትር ላይ ሲጨርሱ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አዩት። ቆንጆ ነው። እንከን አይወጣለትም። የሁሉም ዓይን ግን ከፊልሙ እየሸሸ ወደ መስኮቱ ይሄድ ነበር። መህዲ የድሮውን አላጠፋም ነበር፤ ረዲያ እናቷን ልታሳያት የተለወጠውን በላፕቶፗ ይዛ ወጣች።

ዑሙልኸይር ፍራሹ ላይ ናት። ረዲያ ጎኗ ተቀምጣ ላፕቶፑን ጭኗ ላይ ከፈተችው። “ፊልሙን ነው” አለች። “ያን ነገር አውጥቼዋለሁ። እይውና ይሁን ካልሽኝ እሄዳለሁ።”

እናቷ መነጽሯን አደረገች። ተራራው ዘፈኗን ሲወስድ ዝም ብላ አየች፣ ጥላዋን ሲወስድ “አይ ጅል” አለችው ተራራውን። ጉልበቷን ጠይቆ ከተከራከሩና ከተስማሙ በኋላ ግን ገበያተኛዋ ተነስታ እንደ ልጃገረድ ቀጥ ብላ ሽቅብ መውጣት ጀመረች። ዑሙልኸይር ጠጋ ብላ አየች። ፊልሙ ሲያልቅ መነጽሯን አወለቀች።

“ጉልበቷን ወሰደ አላችሁ አይደል?”

“አዎ።”

“ታዲያ ምኗ ጎደለ?”

ረዲያ ላፕቶፑን ዘጋችው። ውጭ የጫት መኪና ጥሩንባውን እየነፋ አለፈ፤ ጎረቤት አንዱ ዶሮ ያባርራል። ሁለቱም እጆቻቸውን ነበር የሚያዩት።

“እኔኮ” አለች ዑሙልኸይር፣ “አንቺ የማታይው ይመስለኝ ነበር። አብረሽው ስላደግሽ። አንድ እንኳ እግሬን የማያይ ሰው አለኝ እል ነበር።”

“አየዋለሁ እማ።” አለች ረዲያ። “ከልጅነቴ ጀምሮ አየዋለሁ። ስለምወደው ነው የሳልኩት። ሳልጠይቅሽ መሆኑ ግን ልክ አልነበረም፣ አውፍ በይኝ።”

እናቷ የረዲያን ሻርፕ ጫፍ አስተካከለችላት። “ምሳ በልተሻል?” አለች። ረዲያ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። “እንግዲያው ሂጂ። ሰው ይጠብቅሻል።”

“ፊት ለፊት ወንበር ይዤልሻለሁ።”

ዑሙልኸይር መነጽሯን አጣጥፋ ትራሷ ሥር አስገባች።

አዳራሹ ከሰላት በኋላ ሞላ። መምህራን መጡ፣ የጤና ጣቢያ ሠራተኞች መጡ፣ የጫት ነጋዴዎች ሱቃቸውን ለሰው አደራ ሰጥተው መጡ፣ ከአሰቦት ሳይቀር በሚኒባስ የመጡ ነበሩ። አብዶ የኪራይ ክፍላቸው ባለቤት እኔ ነኝ እያለ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተንሰራፍቷል። ረዲያ ግን የምታየው አንድ ወንበር ብቻ ነው፣ የፊተኛውን። ባዶ ነው። እናቷ የምትመጣ ብትሆን ኖሮ ይህ አዳራሽ ሳይከፈት በሩ ላይ ትገኝ ነበር። ቀድማ ካልመጣች አትመጣም፤ ዕድሜ ልኳን እንደዚያ ነች። ሰው በሞላ ቁጥር የረዲያ ተስፋ እየቀነሰ ሄደ፣ በሩ ሊዘጋ ሲል ጨርሶ አለቀ።

ሣህሊቱ ከመድረኩ ሥር፣ ከላፕቶፑ አጠገብ ቆማለች። ሁለቱም ፊልሞች እዚያው ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ረዲያን አየቻት። ረዲያ “የተለወጠውን” አለች በከንፈሯ። ሣህሊቱ አልተከራከረችም፣ የተለወጠውን አዘጋጀች። ፕሮግራም መሪው የፊልሙን ዳይሬክተር ጠራ፤ መህዲ ከተቀመጠበት ሳይነሳ በአገጩ አመለከተ፣ ሰዉ ሳቀ፣ ረዲያ መድረክ ላይ ወጣች።

“አሰላሙ ዓለይኩም፣ ጤና ይስጥልኝ” ካለች በኋላ ቀጣዩን ሳትጀምር የአዳራሹ በር ተከፈተ።

ዑሙልኸይር የዒድ ልብሷን ለብሳለች። በሩ ላይ የነበረው ልጅ ወንበር ሊሰጣት ከኋለኛው ረድፍ ተነሳ፤ በእጇ ምልክት ሰጥታ አስቀመጠችው። ከበሩ እስከ ፊተኛው ወንበር ያለው መተላለፊያ ረጅም ነው፣ ምንም የሚደገፉት ነገር የለውም፣ በግራና በቀኙ ከተማው በሙሉ ተቀምጧል። ዑሙልኸይር ያንን መተላለፊያ መራመድ ጀመረች። ቆም፣ ሳብ። ቀሚሷን ሰብስባ ይዛዋለች፤ እንዳያደናቅፋት ነው እንጂ እግሯን ሊሸፍንላት አይደለም፣ እንዲያውም ቁርጭምጭሚቷ ድረስ ይታያል። ከኋላ አንድ ሰው ያንን የጭፈራ ዘፈን በአፍንጫው ጀመረ፤ የተቀበለው ስላልነበረ ብቻውን ቀረና ተወው። ከዚያ ከሲሚንቶው ላይ ከሚነሳው ኮቴ በቀር አዳራሹ ውስጥ የሚሰማ ነገር አልነበረም። ረዲያ መድረክ ላይ ሆና ይህን አካሄድ ከፊት ለፊት ልብ ብላ ስታየው የመጀመሪያዋ ነው፤ ለፊልሙ ያጠናችው ከመስኮት፣ ከጀርባ ነበር። ከፊት ሲታይ አገጭ ቀና ያለ፣ ዓይን ከሰው ዓይን የማይሸሽ መሆኑን አላወቀችም ነበር፤ በሳሉትም ውስጥ አልነበረም።

እናቷ ወንበሯ ጋ ደረሰች፣ ግን አልተቀመጠችም። ወደ ሣህሊቱ ዘንበል አለች።

“የትኛዋን ነው የምታሳዩት?”

“ሌላዋን፣ እናቴ። እርስዎ ያልፈቀዱትን አናሳይም ብለናል።”

“የኔን አድርጉት” አለች ዑሙልኸይር፣ ከዚያ ተቀመጠች።

ሣህሊቱ የተለወጠውን ዘጋች። የድሮውን አስገባች። ረዲያ ማይኩን እንደያዘች ቀርታለች። ለዚህ ቀን ያጠናችው ንግግር ነበራት፣ ስለ ኪነ ጥበብ፣ ስለ ሴቶች፣ ስለ ከተማዋ፤ አንዱም አልመጣላትም።

“ሥዕሉ የሣህሊቱ ነው” አለች። “ድምፁ የፈርዶሳ ነው። ያያያዘው መህዲ ነው። እርምጃው ግን የእናቴ ነው። ሳልጠይቃት ነው የወሰድኩት።”

ሰው ሁሉ ወደ ፊተኛው ወንበር አንገቱን አሰገገ። ዑሙልኸይር መነጽሯን ከቦርሳዋ አውጥታ በሻሿ ጫፍ እየጠረገች ነበር።

“ወስደሻል፣ ወስደሻል” አለች፣ መነጽሯን ዓይኗ ላይ አድርጋ። “አሁን ውረጂ፣ ጋርደሽናል።”